ነፋሱ ወደ ኮሚቴው ይንፈስ

ለክቡር አቶ ዘማርያም
የመጽናናት መረዳጃ ዕድር ሊቀመንበር፣ የድንኳኑና የወንበሩ ባለአደራ፣ የሙከይፉ የበላይ ጠባቂ
ዴም፣ ካርቱም

ጉዳዩ፦ በእኅታችን በስንቅነሽ መሰረዝ የተሰማንን ደስታ ስለ መግለጽ

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ግንቦት ካርቱምን እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ ባጋለበት በዚህ ሰሞን፣ እርስዎ እንደ ወትሮዎ ቀዝቅዘው፣ የሸሚዝዎ ኮሌታ ሳይወይብ፣ ግንባርዎ አንዲት ጠብታ ሳያወጣ እንደሚገኙ ከታመኑ ምንጮች ስለሰማሁ ደስታዬ ወሰን የለውም። ስለ እኛ ስለ ሴቶቹ ወገን ደግሞ እንዳይጨነቁ አደራ እላለሁ። ተመስገን፣ ሁላችንም ደኅና ነን። በሙቀት ራሳቸውን የሳቱት እማማ ሸዋአለም ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ነቅተዋል።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ቢሮዎ ድረስ ላመጣልዎ አስቤ ነበር። በኋላ ግን እርስዎ የዋሉልን ውለታ በአንድ ፖስታ ታፍኖ ቢቀር ግፍ ነው ብዬ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ትኩሱን ወጥቶ በየሳምንቱ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞረው በዚህ መጽሔት ላይ ላወጣው ወሰንኩ። እርስዎም ሁልጊዜ “እኔ የምሠራው ሥራ በአደባባይ ይታይልኝ” ስለሚሉ፣ ይኸው አደባባዩን አመጣሁልዎ።

ዕድራችንን ለማያውቁ አንባቢያን ሁለት ቃል ልበል። መጽናናት ማለት፣ እዚህ ካርቱም ዘመድ የሌለን ሰዎች አንዳችን ላንዳችን ዘመድ የምንሆንበት ማኅበር ነው። ከሀገር ቤት መርዶ ሲመጣ ድንኳን ተክሎ አብሮ ያለቅሳል፤ ሰው ሲታመም ተራ ይዞ ይጠይቃል፤ ሰው ሲሞት ደግሞ ክርስቲያኑንም እስላሙንም እንደየወጉ ያነሳል። ከዚህ ማኅበር የተሰረዘ ሰው የሚቀርበት ነገር ብዙም አይደለም፤ የሚጠይቀው፣ የሚያለቅስለትና የሚቀብረው ብቻ ነው። ለዚህ ክብር ሰሞኑን የታጨችው ስንቅነሽ ስትሆን፣ ዕጩነቷን የፊታችን ዐርብ ጠቅላላ ጉባኤው እንዲያጸድቅ እርስዎ ጠይቀዋል። እኔም ከዐርብ በፊት ምስጋናዬን በቁጥር በቁጥር አድርጌ ላቀርብ ተነሣሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሙከይፉ አመሰግንዎታለሁ።

ሱዳኖች ሙከይፍ የሚሉት ዕቃ፣ ሆዱ ውስጥ ውሃ ሲጨመርበት ቀዝቃዛ ነፋስ የሚተፋ፣ የቁም ሣጥን ግማሽ የሚያህል ባለ ጎማ ማቀዝቀዣ ነው። አባላቱ በሙሉ አዋጥተን ገዛነው፤ በሙሉ ግን አልነፈሰብንም። እርስዎ በብዙ ድካም ባወጡት የውስጥ ደንብ ላይ “በማናቸውም ሐዘን ወይም ስብሰባ ሙከይፉ ፊቱን ወደ ኮሚቴው መልሶ ይቆማል” የሚል አንቀጽ ስላለበት፣ በድንኳኑ አንደኛው ጫፍ የኮሚቴው አባላት ጋቢ እየደረቡ፣ በሌላኛው ጫፍ እኛ ከንፍሮው ድስትና ከሻዩ እሳት ጎን እየቀለጥን ስንት ሰው አለቀስን። ምክንያቱን ስንጠይቅዎም “ኮሚቴ ካላበው ውሳኔው ይበላሻል” ብለው አስረድተውናል። እውነትዎን ነው። እኛ ሴቶቹ ውሳኔ ስለሌለን የሚበላሽብን ነገር የለም።

ታዲያ በቅርቡ የአባላችን የሳሊህ እናት ወሎ ላይ አርፈው መርዶ የተቀመጥን ዕለት፣ እርስዎ ስለ ሟች ሊናገሩ ተነሥተው ስለ ራስዎ የሥራ ዘመን እየተናገሩ ሳለ፣ እማማ ሸዋአለም እሳቱ አጠገብ ዐይናቸው ተገለበጠ። እማማን የማያውቅ የለም፤ የዴም ሴት ሁሉ ስትወልድ ያረሱ፣ ስትታመም ያስታመሙ እናት ናቸው። አንዷ “ውሃ! ውሃ!” ትላለች፣ አንዷ በነጠላዋ ታራግባለች። ስንቅነሽ ግን ተነሣች። ስንቅነሽ ካፉሪ በሚባለው የሀብታም ሰፈር በአንድ ትልቅ ቪላ ወጥ ቤት የምትሠራ፣ ከዐርብ በቀር ዕረፍት የሌላት፣ በዚያችው ዐርብ ደግሞ ድልድይ ተሻግራ መጥታ የዕድሩን ድስት የምታማስል ሴት ናት። ድንኳኑን አቋርጣ ሄደች፤ የሙከይፉን እጀታ ያዘች፤ ጎማውን ሲጢጥ አድርጋ ፊቱን ወደ እማማ አዞረችው። ተመልሳም ማማሰያዋን አነሣች።

እማማ ሸዋአለም ዐይናቸውን ገለጡና “ዘነበ እንዴ?” አሉ።

በዚያች ቅጽበት ያየነውን አንረሳውም። ኮሚቴው በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ላበው። ጸሐፊው ኮታቸውን ሲያወልቁ ሸሚዛቸው ከፊት ብቻ እንደሚተኮስ አወቅን። እርስዎም የጀመሩትን ንግግር መሃል ላይ ቆርጠው “በዚሁ ነፍሳቸውን ይማር” ብለው ተቀመጡ። እናቱ የሞቱበት ሳሊህ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ “እኅቴ፣ ይቺን ንግግር እናቴ ቢሰሟት በእጥረቷ ይመርቁ ነበር” አለኝ። ይህን የምጽፈው ለነገር አይደለም፤ ሐዘንተኛ ማጽናናት የዕድራችን ዋና ዓላማ መሆኑን ስለማውቅ ነው።

ሁለተኛ፣ የሙከይፍ ተቆጣጣሪ ስለ ሾሙልን አመሰግናለሁ።

በዚያው ሳምንት የባለቤትዎ ወንድም ነቢዩ በቦታው ተመድቦ፣ መሬቱ ላይ በኖራ አራት ክብ ሠርቶ፣ ጎማዎቹን በክቦቹ ውስጥ አቁሞ በሰንሰለት አሰረልን። ዕድራችን አምቡላንስ የለውም፣ ቃሬዛም የለውም፤ የታሰረ ማቀዝቀዣ ግን አለው። እንኳን ደስ ያለዎ።

ሦስተኛ፣ ስለ በሽታው ማስጠንቀቂያዎ።

በዕድሩ ግቢ በር ላይ በለጠፉት ማስታወቂያ፣ ስንቅነሽ ይህን ድፍረት ያገኘችው ባለፈው ኅዳር የካርቱም ሰው “ሥራ አልገባም፣ ሱቅ አልከፍትም” ብሎ ቤቱ በዋለ ጊዜ ከተዛመተው የእምቢተኝነት በሽታ ነው ብለዋል። የባለ አገሮቹን ጉዳይ ለባለ አገሮቹ ልተወውና የራሳችንን ላንሣ። ያን ሰሞን እርስዎ “ማንም አባል እንዳይቀር፣ ሥራችሁ ላይ ተገኙ” ብለው በማዘዝዎ ሁላችንም ወጣን። እርስዎም ለአርአያነት ዐማራት ሰፈር ወዳለው የጉዳይ ማስፈጸሚያ ቢሮዎ ሲሄዱ፣ የሕንፃው ዘበኛ ቁልፉን ይዞ ቤቱ ውሎ ኖሮ፣ ደረጃው ላይ ጋዜጣ አንጥፈው እስከ ቀትር ተቀመጡ። ሐሜት አይሁንብኝና፣ ሰው በሌለበት ጎዳና በኮትና በከረባት ቁጭ ያለ ሰው ያዩ ወጣቶች የአድማው አስተባባሪ መስለዋቸው እየመጡ እጅዎን ጨበጡዎት፤ አንዱማ ሳምቡሳውን አካፈለዎት አሉ። እርስዎም ሰው ሲያከብርዎ እንቢ ማለት ስለማይሆንልዎ ጨበጡ፤ ሳምቡሳውንም በሉ። እንግዲህ ከአባላቱ ሁሉ መካከል በሕዝባዊ እምቢተኝነት የተሳተፉት እርስዎ ብቻ ነዎት ማለት ነው። በሽታው ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ለሐኪም እተወዋለሁ።

ደግሞስ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እምቢተኝነት ጉዳት የለውም የሚል ሰው ካለ ካፉሪ የምትሠራውን ሉጥፊያን ይጠይቃት። ያኔ ሰዎቹ ቤት በዋሉ ሳምንት መጥታ የነገረችን እስከ ዛሬ ያስቃል፤ “እናንተዬ፣ ማዳሟ አመፀች፣ ባልየው አመፀ፣ ልጆቹ አመፁ፣ አማትየዋም ለማመፅ ከኦምዱርማን መጡ። ሁሉም ሳሎን ተጋድመው ሲያምፁ ቁርሱም ከእኔ፣ ምሳውም ከእኔ፣ ‘ሉጥፊያ ሻይ!’ም ከእኔ። ወላሂ፣ አመፁ የእነሱ፣ ሳሕኑ የእኔ!” አለችን። ይህች ንግግር ለእርስዎ አቋም ከሁሉ የምትሻል ማስረጃ ነበረች፤ ሉጥፊያን ጠይቀዋት ቢሆን በነጻ ትሰጥዎ ነበር። ግን የሴቶቹን ጫፍ የረገጡት ቀን አላውቅም።

አራተኛ፣ እና ዋነኛው፣ ስለ ክርክሩ።

ባለፈው ዐርብ “ሕዝባዊ እምቢተኝነት ማኅበረሰብን ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?” የሚል ክርክር አዘጋጅተው፣ የቀረ እንደሚቀጣ አሳውቀው ሁላችንንም ሰበሰቡን። ትምህርት ቤት ሳለን ከወርቅና ከብረት የቱ ይበልጣል እያልን የተከራከርንበትን ጊዜ ስላስታወሱን ውለታዎ አለብን። የዕድሩ ድንኳን ተቀዶ ስለነበር የኪራይ ድንኳን አስመጡ፤ የኪራዩ ድንኳን ደግሞ የሰርግ ኖሮ ቀይና አረንጓዴ አምፖሎቹን ይዞ መጣ። ሰውየው ሊነቅላቸው ሲል እርስዎ “ተዋቸው፣ ግርማ ሞገስ ይሰጣሉ” አሉት። ነጭ ሙሉ ልብስዎን ለብሰው፣ የፕላስቲክ አበባ ከተደረደረበት ጠረጴዛ ጀርባ ብቻዎን ቆሙ። ማማርስ አምሮብዎ ነበር፤ ይህን ጠላትዎም አይክድም።

“ይጠቅማል” ብሎ እንዲከራከር የታዘዘው ነቢዩ ነበር። ቀድሞ ተነሣና እንዲህ አለ፦ “የተከበሩ ተከራካሪዬ ወደ ፊት በሚናገሩት ሁሉ እስማማለሁ።” ተቀመጠ። እንዲህ ዓይነት ክርክር በዓለም ላይ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ከዚያ እርስዎ ጀመሩ። “ማኅበረሰብ ማለት ድንኳን ነው፤ አንዱ ካስማ እምቢ ካለ…” ሲሉ ሉጥፊያ ከወደ ኋላ እልልታዋን አስነካችው። እርስዎ ፈገግ ብለው እጅዎን ደረትዎ ላይ አደረጉ። “እምቢተኝነት ማኅበረሰብን ይጎዳል!” ሲሉ ዐሥር ሴት እልል አለ። “ይጎዳል ስል…” ሲሉ ሁላችንም እልል አልን። ዝም እንድንል እጅዎን ሲያነሡ፣ ሰላምታ የሰጡን መስሎን እልልታውን እጥፍ አደረግነው። እልልታ እኮ፣ ክቡር ሊቀመንበር፣ ተቃውሞ አይደለም። ለታቦት የሚባል፣ ለአራስ የሚባል፣ ለሙሽራ የሚባል የደስታ ድምፅ ነው። እኛ እንግዲህ በንግግርዎ ተደስተን ነበር። ሰው ደስ ሲለው ዝም በል ይባላል? ማይክሮፎኑ ይጮኻል፣ እኛ እንጮኻለን፣ የእርስዎ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ ሁሉ ንግግር የተሰማን “ስለዚህ” የምትለዋ ቃል ብቻ ነበረች።

እዚህ ላይ አንድ የረሱት ነገር ነበር፤ ጎረቤት። የምንኖረው ሱዳን ውስጥ ነው። በእነሱ ወግ ከጎረቤት ግቢ እልልታ ከተሰማ ጥሪ ሳይጠብቁ መሄድ ግዴታ ነው፤ ረመዳን ሊገባ ሲልም ሰርግ በሰርግ ላይ ይደራረባል። ስለዚህ ከግድግዳው ወዲያ የሚኖሩት ሐጃ በቱል፣ ከራስ እስከ እግር የሚጠመጠመውን ቶባቸውን አስተካክለው፣ ሴት ልጆቻቸውንና የመንገዱን ሴት ሁሉ አስከትለው ገቡ። ድንኳኑን አዩ፤ አምፖሎቹን አዩ፤ ነጭ ለብሰው ከአበባው ጀርባ ብቻዎን የቆሙትን እርስዎን አዩ። ለልጃቸው “ዕድሜው ገፋ ብሏል፣ ግን ማሻአላህ” አሏት። እኔ በር ላይ ስለነበርኩ ጠጋ ብለው “ሙሽሪት የት አለች?” ብለው በዐረብኛ ጠየቁኝ። በዚያ ጩኸት መሃል ምን ብዬ ላስረዳ? ትከሻዬን ሰበቅሁ። እሳቸው ገና አልወጣችም ያልኳቸው መሰላቸው።

ያን ጊዜ ሐጃ በቱል አዘኑልዎ። በሰው አገር የሚያገባ፣ እናት የሌለው፣ አክስት የሌለው፣ ወጉን የሚያደርስለት ሰው ያጣ ምስኪን ሙሽራ! ልጃቸውን ሮጣ ቤት ሄዳ የሰርግ ዕቃውን እንድታመጣ አዘዟት። ከዚያ መድረኩ ላይ ወጥተው፣ ለሙሽራ የሚታሰረውን ቀይ የሐር ክር በእጅ አንጓዎ ላይ አሰሩልዎ፤ የሰንደሉን ቅባት ግንባርዎ ላይ ለደፉልዎ፤ ሽቶውን ከአናትዎ ጀምረው አወረዱት። እርስዎም እንደ ኅዳሩ ሁሉ፣ ሰው ሲያከብርዎ እንቢ ማለት ስለማይሆንልዎ፣ ባለ አገሩ ለተናጋሪ የሚሰጠው ማዕረግ መስሎዎት “ሹክረን፣ ሹክረን” እያሉ ጎንበስ አሉ። አልፎ ተርፎም ነቢዩን ጠቅሰው “ፎቶ አንሣኝ!” አሉት። ነቢዩም የታዘዘውን የማይጥል ልጅ ነው፤ አነሣዎት።

ባለቤትዎ ወይዘሮ የሻሽወርቅ፣ በረዶ የገባበትን ውሃ በትሪ ይዘው ከጓዳ የወጡት በዚህ ሰዓት ነበር። ባለቤትዎ ሱቅ ቆመው የሚነግዱ፣ ዐረብኛውን ከእርስዎ በተሻለ የሚያቀላጥፉ ሴት መሆናቸውን አገር ያውቃል። ሐጃ በቱል ዘለው አቅፈዋቸው “መብሩክ! አንቺ እኅቱ ነሽ?” አሏቸው።

እልልታችንን አቆምን። ወይዘሮ የሻሽወርቅ የሐጃን ፊት አዩ፤ አምፖሎቹን አዩ፤ በባላቸው ግንባር ላይ የተለደፈውን ሰንደል አዩ። ትሪውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ፣ ክቡር ሊቀመንበር፣ የዚያን ቀኑን እልልታ ሁሉ የሚያስንቅ፣ አንድ ረጅም፣ ማለቂያ የሌለው እልልታ ለቀቁ።

ክርክሩን ማን እንዳሸነፈ እስከ ዛሬ አልተነገረንም።

አምስተኛ፣ ስለ ፍርዱ።

ሁለት ቀን ሳይቆይ በበሩ ላይ አዲስ ማስታወቂያ ወጣ። በመጀመሪያው መስመር ከእንግዲህ እልል የሚል አባል አስቀድሞ በጽሑፍ ማስፈቀድ እንዳለበት ተገለጸ። በሁለተኛው ደግሞ “የሁከቱ ጠንሳሽ ስንቅነሽ” ከዕድሩ እንድትሰረዝ ተወሰነ።

አንዲት ትንሽ ነገር ላስታውስዎ ይፈቀድልኝ። ስንቅነሽ ክርክሩ ላይ አልነበረችም። የካፉሪዎቹ ሰዎች እንግዳ ጠርተው ዕረፍቷን ስለ ከለከሏት፣ እርስዎ ሲሞሸሩ እሷ ዓሣ ትጠብስ ነበር። መሰረዟን ያረዳኋት እኔ ነኝ፣ በስልክ። መጀመሪያ ሳቀች፤ “እኔ ምን አደረግሁ? ያዞርኩት ሙከይፍ ነው፣ አገር አላዞርኩ!” አለች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀስ ብላ “ቤቲዬ፣ እንግዲህ ብሞት ማን ያነሣኛል?” አለችኝ።

እንግዲህ በክርክሩ ላይ ዕድል ስላልሰጡን፣ የእኛን ወገን እዚህ ልከራከርልዎ። እምቢተኝነት ይጎዳል ብለዋል፤ ልክ ነዎት። የአንዱ እምቢታ የሌላውን ሳሕን ሲያበዛ አይተናል፤ ሉጥፊያ ምስክር ናት። እምቢ የሚል ሰው ሁሉ እምቢታው ማን ጫንቃ ላይ እንደሚያርፍ ዞር ብሎ ሊያይ ይገባል። የስንቅነሽን እምቢታ ግን ከዚህም ከዚያም አድርጌ መዘንኩት። በአንድ ወገን የሳሊህ እናት ሐዘን፣ የእማማ ሸዋአለም እስትንፋስ፣ የሃምሳ ሴት ላብ አለ። በሌላው ወገን የጸሐፊው የሸሚዝ ጀርባ አለ። ከብዶ ያገኘሁትን ልናገር አያስፈልገኝም። ስንቅነሽ ያደረገችው ነገር ማንንም ከነፋሱ አልከለከለም፤ አንድ ጊዜ ያልደረሳቸው እንዲደርሳቸው አደረገ እንጂ። ዕድር ማለት ደግሞ መጀመሪያውኑ ይኸው ይመስለኝ ነበር፤ የደከመው ወዳለበት መዞር። ተሳስቼ ከሆነ ደንቡን ልከው ያርሙኝ።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ አንዲት ነገር ናት። ዐርብ ጉባኤው ሲከፈት የአባላት ስም ሲጠራ፣ የስንቅነሽም ስም አብሮ ይጠራ። ሌላ አልጠይቅም። ይቅርታ በሏት አልልም፤ ይቅርታ የኮሚቴ ወግ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስሟን ብቻ፣ እንደ ሁላችንም ስም፣ በዚያ በሚያምረው ድምፅዎ ይጥሩልን። ከካፉሪ ፈቃድ አግኝታ ትመጣለች፤ “አቤት” ትልዎታለች፤ አለቀ።

ዘመንዎ እንደ ጥላ ሥር ውሃ የቀዘቀዘ፣ ስብሰባዎ የሞላ፣ ማይክሮፎንዎ የማይጮህ፣ የእጅዎ አንጓም እንዳማረበት የሚኖር እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ወንበር ለመደርደር፣ ንፍሮ ለመቀቀል፣ ሲያዙኝ ዝም ለማለት፣ ሲፈቅዱልኝም እልል ለማለት ሁልጊዜ ዝግጁ የሆንኩ፤

ታዛዥዎ
ቤቲ ምንዳዬ
የመጽናናት ዕድር አባል፣ ቢያንስ እስከ ዐርብ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ የሻሽወርቅ፣ ለመረጃ ያህል
ለነቢዩ፣ ወደ ፊት በሚለው ሁሉ ስለምንስማማ
ለሙከይፉ፣ ባለበት ሰንሰለት

ማስታወሻ፦ የውስጥ ደንብዎን ሴቶቹ ተሰብስበን ደግመን አነበብነው፤ ወርቅ የሆነ ደንብ ነው። ሙከይፉ ፊቱን ወደ ኮሚቴው ይመልሳል ይላል፤ ኮሚቴው የት እንደሚቀመጥ ግን አይልም። ወንበር መደርደር ደግሞ በዚያው ደንብ የሴቶች ሥራ ነው። ስለዚህ ለዐርብ የእርስዎንና የኮሚቴውን ወንበሮች ከሻዩ እሳት ጎን፣ ከእማማ ሸዋአለም ቀጥሎ አሰናድተንልዎታል። ነቢዩ ሰንሰለቱን ፈትቶ ሙከይፉን ወደ እርስዎ ያዞረዋል፤ ደንብ ነው፣ እምቢ አንልም። ጎማው አሁንም ሲጢጥ ስለሚል አያያዙን የምታውቀው ስንቅነሽ ብትኖር ይቀልለት ነበር።

ሌላው፣ ሐጃ በቱል የሰርጉ እራት ረመዳን ሳይገባ መቼ ነው እያሉ በየቀኑ በግድግዳው ላይ ይጠይቁናል። ዐርብ ነው ብለናቸዋል፤ መንገዱን ሁሉ ጠርተው፣ ነቢዩ ያነሣዎትን ፎቶ ለእያንዳንዱ እያሳዩ ይመጣሉ። ነገሩን በዐረብኛ ሊያስረዷቸው የሚችሉት ወይዘሮ የሻሽወርቅ ብቻ ሲሆኑ፣ እሳቸውም ቃላቸውን ሰጥተውናል። የስንቅነሽ ስም ከተጠራ “ስብሰባ ነበር፣ ሰርግ አልነበረም” ብለው በክብር ይሸኟቸዋል። ካልተጠራ ግን ምግቡን እኛ እናዘጋጃለን፤ ሙሽራዋን እርስዎ ያቅርቡ።